ሳይጠየቅ ስለተቀጣው የክፍላችን ተማሪ ለኮሌጁ ዲን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የኮሌጁ ዲን
ለተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በገንዘብ ማጭበርበር በተጠረጠረ ተማሪ ላይ ያለ ማጣራት የተወሰደውን እርምጃ ይመለከታል

የተከበሩ ዲን፤

በአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነው ጓደኛችን በገንዘብ ማጭበርበር ተጠርጥሮ ምርመራ እንደተጀመረበት የሚገልጽ ደብዳቤ ለኮሌጁ በደረሰ ማግስት፣ ከትምህርት ታግዷል፤ መታወቂያውን በር ላይ ተቀምቷል፤ ከዶርም እንዲወጣ ተደርጓል፤ ስሙና ፎቶግራፉም በሦስት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፏል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን ነው። በዚያ ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ከኮሌጁ ኃላፊዎች አንድም ሰው ልጁን አስቀርቦ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ጉዳዩ በውስጥ አሠራር እንዲታይልን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል፤ ሦስት ጊዜም በአካል ቀርበናል። ምላሽ በማጣታችን ቅሬታችንን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ ተገደናል። የልጁን ስም ሆን ብለን አልጠቀስንም፤ እስካሁን የተነሣበት አኳኋን ይበቃዋል።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ እንፈልጋለን። ጓደኛችን ምንም ጥፋት የለበትም ብለን ልንከራከር አልመጣንም። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ እኛም ልንፈርድለት፣ ኮሌጁም ሊፈርድበት ሥልጣን የለንም። ደግሞም ከዚህ ጉዳይ በስተጀርባ ገንዘባቸውን የተዘረፉ ሁለት ሰዎች እንዳሉ አንዘነጋም። እነዚያ ሰዎች እውነተኛው አጭበርባሪ እንዲያዝላቸውና ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው መብት አላቸው። የምናዝነውም ለእነሱ ጭምር ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ የተገኘውን ልጅ ወንጀለኛ ብሎ መዝጋት ገንዘቡን የወሰደውን ሰው ከመፈለግ ያዘናጋል።

የሆነውን ነገር እስከምናውቀው ድረስ እናስረዳ። ባለፈው ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ አንድ የቀድሞ ተማሪ ወደ ጓደኛችን መጥቶ፣ የኤቲኤም ካርዱን ማሽን እንዳስቀረበት፣ አዲሱ ካርድ እስኪወጣለት ድረስ ቤተሰቦቹ የሚልኩለት ገንዘብ በእሱ ሒሳብ እንዲገባለትና ካርዱን ለአንድ ቀን እንዲያውሰው ለመነው። ጓደኛችን ካርዱን ሰጠው፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ነገረው። ይህ ጥፋት ነው። ካርድና የሚስጥር ቁጥር ለማንም እንደማይሰጥ ሒሳብ የሚማር ሰው ቀርቶ ማንኛውም የባንክ ደንበኛ ሊያውቀው የሚገባ በመሆኑ፣ ይህን ለማድበስበስ አንሞክርም። በማግስቱ ጠዋት ከሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ሒሳብ ገንዘብ ገባ። ለምርመራ ቃሉን ሲሰጥ እንደተነገረው፣ ሁለቱም ሰዎች ከባንክ ነው የምንደውለው በሚሉ ሰዎች ተታለው በስልካቸው የተላከላቸውን የማረጋገጫ ቁጥር የነገሩ ናቸው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ከሁለት የተለያዩ ኤቲኤም ማሽኖች በአራት ጊዜ ወጪ ተደርጎ አልቋል።

ገንዘቡ ወጪ በተደረገበት በዚያ ሰዓት ጓደኛችን የኮስት አካውንቲንግ የአጋማሽ ፈተና ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ አቅራቢዎች ሁለታችን ከኋላው ባለው ረድፍ ነበርን። የፈተናው የስም መቆጣጠሪያ ላይ ገብቶ የፈረመበት፣ ወረቀቱንም አስረክቦ የፈረመበት አለ፤ ከሥሩ የፈታኙ መምህር ፊርማ አለ። ያ ወረቀት የሚገኘው በኮሌጁ ሬጅስትራር ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ልጁ አለመሰማቱ ነው። ማንኛውም በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ በሕግ መሠረት በግልጽ ችሎት እስካልተረጋገጠበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 11፣ በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ደንግገውታል። ኮሌጁ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የራሱን ሥነ ሥርዓት የማስከበር ሥልጣን እንዳለውም እንቀበላለን። ሆኖም ተማሪን የሚያግድ ማንኛውም አካል፣ የቀረበበትን ክስ በጽሑፍ ሊያሳውቀው፣ መልስ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ሊሰጠው፣ ማስረጃውን ሊመለከትለትና ለውሳኔው ምክንያት ሊሰጥ ይገባል። ለጓደኛችን ከእነዚህ አንዱም አልተደረገለትም። የታገደበትን ደብዳቤ እንኳ ያገኘው እኛ ከጽሕፈት ቤቱ ፎቶ አንሥተን ልከንለት ነው። ደብዳቤው አራት መስመር ሲሆን፣ የትኛውን የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ እንደጣሰ፣ እገዳው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ይግባኝ ለማን እንደሚባል አይገልጽም።

በዚሁ ላይ፣ የተከበሩ ዲን፣ እርምጃው በክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር የሚጣረስ መሆኑ በጣም አሳዝኖናል። በኦዲት ትምህርት ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 240ን ስንማር፣ ማጭበርበርን ከስሕተት የሚለየው ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆን አለመሆኑ እንደሆነ ደጋግመን ተነግሮናል፤ ተፈትነንበታልም። አንድ ኦዲተር የጎደለ ገንዘብ ስላየ ብቻ «ይህ ሰው አጭበርብሯል» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ ከሙያው ውጪ ሄዷል። ሒሳቡ በማን ስም እንደተከፈተ፣ ገንዘቡን ማን እንዳንቀሳቀሰው፣ ማን እንደተጠቀመበት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኮሌጁ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ይዞ የቀሩትን ሁለቱን እንደተመለሱ ቆጥሯቸዋል።

ሁለተኛው ቅሬታችን በማስታወቂያው ላይ ነው። ከመርማሪዎች ለኮሌጁ የተጻፈውን ደብዳቤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አንብበውልናል። ደብዳቤው የሚለው ተማሪው «ለምርመራ ስለሚፈለግ» አድራሻውና የትምህርት ማስረጃው እንዲላክ ነው፤ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «በገንዘብ ማጭበርበር ወንጀል ተይዞ ከኮሌጁ የተባረረ» ይላል። አልተያዘም፤ ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። አልተባረረም፤ ራሱ የእገዳ ደብዳቤው «ለጊዜው» የሚል ቃል አለው። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽና ጥፋተኛ የሚሉት ቃላት ለየብቻ የተቀመጡት በመካከላቸው የሰው ሕይወት ስላለ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ ወረቀቱ የተለጠፈው በፈተና መርሐ ግብሩ ላይ ተደርቦ ነበር። በመጀመሪያ ዓመት ለመታወቂያ የተነሣው ፎቶ ገጹን እስኪሞላ ተልቆ፣ ፊቱ በጥቁር ቀለም ነጠብጣብ ተበታትኖ ይታያል። የፈተና ቀናቸውን ለማየት የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነበር፤ ብዙዎቹም በስልካቸው አንሥተው ለሌሎች አጋርተውታል። ወረቀቱ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከሰሌዳው ቢነሣም ከእነዚያ ስልኮች ሊነሣ አልቻለም። እናቱ ነገሩን ያወቁት ከልጃቸው ሳይሆን ይህንኑ ፎቶ ከላከላቸው ጎረቤት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባለ ባደግንበት ቋንቋ፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ስም እንዲህ በቀላሉ ሲወድቅ ማየት ከብዶናል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ከሁሉም የሚያስቸኩለው ነው። ጓደኛችን በፈተና ላይ እንደነበረ የሚያረጋግጠውን የስም መቆጣጠሪያ ቅጂ በማህተም ተረጋግጦ እንዲሰጠው ሬጅስትራሩን ሲጠይቅ፣ የታገደ ተማሪ አገልግሎት አያገኝም ተብሎ ተመልሷል። እኛ በእሱ ስም ስንጠይቅ ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ ካልቀረበ አይሰጥም ተባልን። ባለጉዳዩ ግን መታወቂያው ስለተወሰደበት በበሩ መግባት አይችልም። ያን ዕለት ከረፋዱ ጀምሮ ከጥበቃ ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ የባንክ ስቴትመንቱን በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ ተቀምጦ ጠበቀን፤ መልሱን ስንነግረው ምንም አላለም፤ ማኅደሩን ከፍቶ ወጪ የተደረገባቸውን አራት መስመሮች በጣቱ እያሳየ ሰዓቱን አነበበልን። ፈተናው የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት በእርሳስ ከጎኑ ጽፎታል።

ይህ ማስረጃ ጊዜ የሚጠብቅ አይደለም። በኤቲኤም ማሽኖች ላይ ያሉ ካሜራዎች የሚቀርጹት ምስል ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ተቀምጦ በአዲስ ቅጂ እንደሚተካ የታወቀ ነው። መርማሪዎች ያንን ምስል በቶሎ እንዲያስወጡ የሚያነሣሣቸው፣ ካርዱ ሲሠራ የካርዱ ባለቤት ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ነው። ሰነዱ በኮሌጁ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ምስሉ ቢጠፋ፣ ጉዳቱ ለጓደኛችን ብቻ አይሆንም፤ ገንዘባቸውን የተነጠቁት ሁለቱ ሰዎችም ሌባውን የሚያዩበትን ብቸኛ መስኮት ያጣሉ።

በቢሮዎች በተመላለስንባቸው ቀናት አንድ ኃላፊ «ሲስተሙ የሚያሳየው የእሱን ስም ነው፤ ሌላ ምን ማጣራት ያስፈልጋል?» ብለውናል። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ሰው እንደጎዳ ለማሳየት ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን እንጠቅሳለን። በእንግሊዝ አገር ፖስታ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ «ሆራይዘን» የሚባል የኮምፒውተር ሒሳብ ሥርዓት በቅርንጫፎቹ ዘርግቶ ነበር። ሥርዓቱ በእውኑ ያልነበረ የገንዘብ ጉድለት ያሳይ ስለነበር፣ እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ጥፋተኞች ተብለዋል። ከእነዚህ ወደ 700 የሚሆኑትን የከሰሳቸው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር፤ ተበዳይም፣ መርማሪም፣ ከሳሽም ሆኖ ማለት ነው። ከመካከላቸው የታሰሩ፣ ንብረታቸውን ያጡ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉም አሉ። ብዙዎቹ ስለ ሥርዓቱ ሲያማርሩ «እንዲህ ዓይነት ችግር የገጠመው ከአንተ በስተቀር ማንም የለም» ይባሉ ነበር። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ስሕተት እንደነበረበት አረጋገጠ፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ39ኙን ፍርድ በአንድ ቀን ሰረዘ፤ በ2024 ደግሞ የአገሪቱ ምክር ቤት ከቀሩት ብዙዎቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ሥራ አጥ ሆነው ድጎማ የሚያገኙ ሰዎችን መረጃ የሚመረምር አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በአጭበርባሪነት ፈርጆ ነበር። የግዛቱ መሥሪያ ቤት ከ22 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ውሳኔዎች መልሶ ሲመረምር ከ100 ውስጥ 93ቱ ስሕተት ሆነው ተገኝተዋል። በእነዚያ ሁለት ቦታዎችም መዝገቡ የሰዎቹን ስም ያሳይ ነበር። የጓደኛችን ጉዳይ የማሽን ስሕተት እንዳልሆነ እናውቃለን። መመሳሰሉ ግን እዚህ ላይ ነው፦ መዝገቡ ስም አሳየ፤ ስሙ የተገኘበት ሰው ሳይጠየቅ ተቀጣ።

እገዳው ስላስከተለው ጉዳት በአጭሩ እንግለጽ። እገዳው የወጣው የማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ካመለጡት አምስት ፈተናዎች ሁለቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሰጡ ትምህርቶች በመሆናቸው፣ ነገ ምርመራው ተዘግቶ ነጻ ቢባል እንኳ አንድ ዓመት ከእድሜው ጠፍቷል ማለት ነው። ጊዜያዊ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው ቢባል ማድረግ የሚቻል ነገር ነበር፤ ለምሳሌ የክፍል መዋጮ እንዳይሰበስብ ወይም በማንኛውም የገንዘብ ኃላፊነት ላይ እንዳይቀመጥ ማድረግ እኛም የምንደግፈው ነው። ፈተና መቀመጡ ግን ማንን እንደሚጎዳ ሊገባን አልቻለም።

ነገሩ በእሱ ላይም አላበቃም። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጓደኛችን ቀደም ሲል ከእሷ የተበደረውን ጥቂት ገንዘብ በዚሁ ሒሳቡ ስለመለሰላት ብቻ፣ በተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ተጠርታ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዋን እንድትቆይ ተደርጓል። የተሰጣት ወረቀት አስቀድሞ የተዘጋጀ ሲሆን፣ «ገንዘቡ በማጭበርበር የተገኘ መሆኑን እያወቅሁ ተቀብያለሁ» የሚል ነበር። አልፈርምም ብላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውጤት መግለጫዋ ተይዞባታል። ብድሩ የተመለሰላት የተዘረፈው ገንዘብ ከመግባቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መሆኑን ስቴትመንቱን አንድ ጊዜ በማየት ብቻ ማወቅ ይቻል ነበር። በእሷ ላይ የተደረገው ነገር ስሕተት ከመባል ያልፋል፤ ሰውን ባላደረገው ነገር እንዲያምን ማስገደድ ነው። የዶርም ጓደኞቹ የሆኑ ሦስት ተማሪዎችም ስልካቸውን ከፍተው መልእክቶቻቸውን እንዲያሳዩ በዶርሙ ተቆጣጣሪ (ፕሮክተር) ተጠይቀዋል፤ ሁለቱ ፈርተው አሳይተዋል።

የመጨረሻው ቅሬታችን ኮሌጁ አስቀድሞ ተነግሮት ዝም ማለቱን ይመለከታል፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን መናገር እንፈልጋለን።

የሰው ገንዘብ የሚዘርፉ ቡድኖች ትልቁ ችግራቸው ማታለሉ ሳይሆን ገንዘቡን መረከቡ ነው። በራሳቸው ስም በተከፈተ ሒሳብ ቢቀበሉት በማግስቱ ይያዛሉ። ስለዚህ ንጹሕ ታሪክ ያለው የሌላ ሰው ሒሳብ ይፈልጋሉ። ሒሳባቸው ለዚህ የሚውል ሰዎችን በእንግሊዝኛ «መኒ ሚዩል» ይሏቸዋል፤ የሌላውን ጭነት የሚሸከም በቅሎ እንደማለት ነው። ገንዘቡ በዚያ ሒሳብ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ወዲያው ተቆራርሶ ወደ ሌሎች ሒሳቦች ይሄዳል፣ ወይም በጥሬው ይወጣል። ዱካው ሲፈለግ የሚገኘው ስሙ በሒሳቡ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ተማሪዎች ተመራጭ የሚሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሒሳባቸው አዲስ ነው፣ ገንዘብ ያጥራቸዋል፣ ሰው ያምናሉ፣ ሕጉንም አያውቁም። አንዳንዱን በሥራ ስም ያጠምዱታል፤ የክፍያ ወኪል፣ የገንዘብ ማስተላለፍ ረዳት ይሉታል፤ ከሚያልፈው ገንዘብ መቶኛ ይሰጥሃል ይሉታል። ሌላውን ደግሞ እንደ ጓደኛችን በወዳጅነትና በችግረኛነት ይቀርቡታል። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ትብብር ድርጅት የሆነው ዩሮፖል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከባንኮች ጋር በየጊዜው በዚህ ላይ ዘመቻ የሚያካሂደው፣ ወጣቶችንም የሚያስጠነቅቀው ነገሩ ስለተስፋፋ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የወንጀል ገንዘብ መሆኑን እያወቁ ወይም እየጠረጠሩ ማስተላለፍ እስከ 14 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ካርዱን ሲያውስ ይህን የሚያውቅ ተማሪ በክፍላችን ውስጥ ስንት እንደነበር ብንጠየቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ተወካዮቹ ራሳችን አናውቅም ነበር።

በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ነገር አይተን ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳና ከዶርሞቹ መግቢያ ላይ «የባንክ ሒሳብ ያለው ተማሪ ይፈለጋል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ፤ ልምድ አያስፈልግም» የሚሉ፣ ከሥራቸው የሚቀደድ ስልክ ቁጥር ያላቸው ትናንሽ ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር። ይኸው መልእክት በክፍሎች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥም ይላክ ነበር። ምን እንደሆነ በውል ባናውቅም ስለከነከነን፣ ከወረቀቶቹ አንዱን አያይዘን ለተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ማህተም ያረፈበት ግልባጭ በእጃችን ይገኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ ስንጠይቅ፣ የተማሪዎች የግል ሥራ የኮሌጁ ጉዳይ እንዳልሆነ ተነገረን። ወረቀቶቹ ባሉበት ቀሩ። ጓደኛችን በታገደ ማግስት ግን የጥበቃ ሠራተኞች ተልከው በግማሽ ቀን ውስጥ ሁሉንም ቀደው ጣሏቸው። ወረቀቶቹን ማንሣት የሚጠይቀው ግማሽ ቀን ከነበረ፣ ያ ግማሽ ቀን ከአራት ወር በፊት ለምን አልተገኘም? በዚያን ጊዜ የአንድ ገጽ ማሳሰቢያ በየሰሌዳው ቢለጠፍ ኖሮ ጓደኛችን ካርዱን ላይሰጥ ይችል እንደነበር እናስባለን። ማረጋገጥ አንችልም፤ ግን ከዚህ ሐሳብ መላቀቅ አልቻልንም።

እርምጃው የተወሰደው የኮሌጁን ስም ለመጠበቅ ነው ተብሎ ተነግሮናል። የኮሌጁ ስም የእኛም ስም ነው፤ ሥራ ስንፈልግ የምናቀርበው ማስረጃ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ሆኖም ሒሳብ አዋቂና ኦዲተር አስተምሮ የሚያስመርቅ ተቋም በገዛ ተማሪው ላይ ማስረጃ ሳይመረምር መደምደሚያ ላይ ከደረሰ፣ ስሙ የሚጎዳው በዚያ ነው።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል፣ የኮስት አካውንቲንግ አጋማሽ ፈተና የስም መቆጣጠሪያ ቅጂ በማህተም ተረጋግጦ ለጓደኛችን እንዲሰጠውና ኮሌጁም ይህንኑ በሸኚ ደብዳቤ ለመርማሪዎች እንዲልክ። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ትክክል እንዳልነበረ የሚገልጽ ማስተካከያ በእነዚያው ሦስት ሰሌዳዎች ላይ፣ ለዚያው ዘጠኝ ቀን እንዲለጠፍ፤ በማስተካከያው ላይ ግን የልጁ ፎቶ እንዳይወጣ። እገዳው ተነሥቶ ያመለጡትን አምስት ፈተናዎች እንዲቀመጥ፤ ኮሌጁ ጥንቃቄ ማድረግ ከፈለገ ውጤቱ የሥነ ሥርዓት ጉዳዩ እስኪታይ ተይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን እሱም ተስማምቶበታል። የሥነ ሥርዓት ክስ የሚቀርብ ከሆነ፣ የተጣሰው አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲደርሰው፣ መልስ የሚያዘጋጅበት በቂ ጊዜ እንዲያገኝ፣ አንድ ሰው አብሮት እንዲቀርብ፣ ምስክሮቹ እንዲሰሙ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርና ይግባኙን በመጀመሪያው ውሳኔ ያልተሳተፉ ሰዎች እንዲያዩት። ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን አሳልፎ በመስጠቱ ተገቢ የሆነ ተግሣጽ ቢሰጠው አንቃወምም።

የሁለተኛ ዓመቷ ተማሪ የውጤት መግለጫ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲለቀቅ፣ እንድትፈርም የተሰጣት ወረቀትም ከማኅደሯ እንዲወጣና ይህ መሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽላት እንጠይቃለን። የተማሪን ስልክ ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ ማስከፈት እንዲቆም ለፕሮክተሮችና ለጥበቃ ሠራተኞች መመሪያ እንዲተላለፍ። የባንክ ሒሳብንና ካርድን ለሌላ ሰው መስጠት የሚያስከትለውን ነገር የሚያስረዳ ገለጻ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለአዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት እንዲሰጥ፤ ገለጻውን ለማዘጋጀት የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ፈቃደኞች ነን። አጠራጣሪ የሥራ ማስታወቂያ የሚያይ ተማሪ የሚያመለክትበት አንድ የታወቀ ሰው እንዲመደብና ማመልከቻው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስ።

የስም መቆጣጠሪያውን ቅጂ በተመለከተ ምላሹን በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ፣ የቀሩትን በተመለከተ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ማህተም ያረፈበትን የቀድሞ ማመልከቻችንን ግልባጭ፣ የማስታወቂያውን ፎቶግራፍና በዕለቱ በፈተና ክፍሉ ውስጥ የነበሩ የአሥራ አንድ ተማሪዎችን የምስክርነት ቃል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘን አቅርበናል። ፈታኙ መምህርም ሲጠየቁ ያዩትን ለመናገር ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸውልናል።

ከአክብሮት ጋር

የአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ተወካዮች
የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ተወካይ
የዶርም ተማሪዎች ተጠሪ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ
ለኮሌጁ ሬጅስትራር
ለተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት